ጠበል የጠጣው ሞተር

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ከንፋስ መውጫ ደወለልኝ። እንደ እኔው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። «አክስቴ፣ አንድ የወፍጮ ሞተር እየጠፋ አስቸገረኝ። የሚያጠፋውን መከላከያ ከፍ ላድርገው?» ቢለኝ፣ «እጅህን ሰብስብ!» ብዬ ጮኽሁበት። ደነገጠ። ምን ያድርግ፣ ስለ አርብ ገበያው ወፍጮ ነግሬው አላውቅም።

ያኔ ከሙያ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አያ ሞላ የሚባሉ ባለወፍጮ የናፍጣውን ሞተር አንሥተው በኤሌክትሪክ ሞተር ሊተኩ ፈለጉና እኔን ወሰዱኝ። «ይቺ ቀጭን ልጅ?» ያላለ አልነበረም። ወሩ ኅዳር ነው፤ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ሞተሩን ተከልሁ፣ መከላከያውንም ገጠምሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክ ከሽቦው ሾልኮ በብረቱ በኩል ወደ መሬት ሲሸሽ፣ ሰው ሳይጎዳ መከላከያው ሞተሩን ያጠፋዋል። ምን ያህል ሲሾልክ ያጥፋ የሚለውን የምትወስን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለችው። እኔ ጥቂት ሲሾልክም እንዲያጠፋ ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኋት፤ ለአያ ሞላም አሳየኋቸው።

ምረቃው ዓርብ ጠዋት ነበር። ገበያተኛው እህሉን በአህያ ጭኖ ደጁን ሞላው። የደብሩ አባት አባ ገብረ ሥላሴ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩ። አያ ሞላ በደስታ የሚሆኑትን አጥተው፣ «አባ፣ ሞተሩንም ያዳርሱልኝ! ሳይሰስቱ!» አሉ። አባም አልሰሰቱም። ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ ጉርር አለና ጸጥ። ደግሜ ተጫንሁ፤ አሁንም ጸጥ።

«ጠበል ሲነካው ዝም አለ፤ አንድ ነገር አለበት» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አንዷ ስልቻዋን መልሳ አህያዋ ላይ ትጭን ጀመር። አያ ሞላ ላብ በላብ ሆነው፣ «ልጄ፣ ያቺን ቁልፍ ከፍ አድርጊያትና ይነሣ! ዛሬ ከተመለሱ ሁለተኛ አይመጡልኝም» አሉኝ።

ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ውኃው በሽቦ መጋጠሚያው ክዳን ገብቷል። ግን «ጠበሉ ነው ያበላሸው» ብሎ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ማን ይናገራል? መናፍቅ ተብዬ እንጀራዬም ስሜም እዚያው ሊቀበር ነው። ቁልፏን ከፍ ባደርጋት ደግሞ ሞተሩ ይነሣል፤ ማንም አያውቅብኝም። ጣቴን አሳረፍሁባት። ቀና ስል፣ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ያለችው ሴት ልጇን አዝላ፣ እህል የሚፈስበትን ብረት በእጇ ተደግፋለች። ጣቴን ከቁልፏ አነሣሁ።

ወደ አባ ተጠግቼ፣ «ይፍቱኝ አባ። ጠበሉ ሞተሩ ሆድ ገብቷል። ሳይደርቅ ካስነሣሁት ሰው ይገድላል» አልኋቸው።

አባ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ! ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «በሉ አረፍ በሉ! ሞተሩ ከልኩ በላይ ጠጥቷል። ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠበል ለሰው እንጂ ለብረት ሆድ አልታዘዘም!» ቢሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ክዳኑን ፈትቼ ሞተሩን ለፀሐይ ሰጠሁት። ሴቶቹ ጥጥ እየፈተሉ፣ እኔንም ቆሎና አሹቅ እያስቃሙ ጠበቁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድረቁን አረጋግጬ፣ ቁልፏን ሳልነካ ማብሪያውን ተጫንሁ። ዞረ! እልልታው ቀለጠ። የዚያ ትኩስ የገብስ ዱቄት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልጅ በስልክ ተረክሁለት። ሲስቅ ቆየና፣ «አባ ባይስቁልሽ ኖሮስ?» አለኝ። ቢሆንም እውነቱን አልደብቅም ነበር ልለው አሰብሁና ተውሁት። ኤሌክትሪክን እንኳ ፈርቼው አላውቅም፤ የዚያን ቀን የፈራሁት ሰው ነው። የሚስቅ ሽማግሌ እግዜር ባይሰጠኝ ኖሮ፣ እንጃልኝ።

«እሱን ተወውና፣ ያስቸገረህን ሞተር ክዳን ፈተህ አይተሃል?» አልሁት።

አላየም ነበር።