መሪ የሚይዝለት ሰው

መካኒኩን ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን ስሙ «ጆሮው» ነው። መኪና ገና ከበር ሲገባ ድምፁን ሰምቶ የትኛው ብሎን እንደላላ ይናገራል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ግማሹ የሾፌር ወሬ ነው፤ ሾፌር ሲያወራ መጨመር ይወዳል። ግማሹ ግን እውነት ነው። የሚሠራው አገር አቋራጭ መኪኖችን ብቻ ነው፤ እሱም የፊት እግራቸውን፣ ማለትም መሪውን፣ አሞርዛተሩንና ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ብረት ሁሉ። ሞተሩ አስቸገረኝ የሚል ሰው ሲመጣበት «ተሳስተሃል፣ ሌላ ጋ ሞክር» ብሎ ከበር ይመልሰዋል። ኩራተኛ ነው። ይህን ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅማል፤ የመጣበት ጣጣ ሁሉ ከዚያ ነውና።

የፊት እግር ድምፅ ደግሞ ለብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። መኪናው በጎማዎቹ እንደቆመ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ተንጋሎ መገጣጠሚያዎቹን በእጁ ይዳብሳል። ያለቀው መገጣጠሚያ መዳፍ ውስጥ ይዘላል። ለብዙ ዓመታት ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ሚስቱ ነበረች። መንዳት አትችልም፣ መቻልም አትፈልግም፤ መሪ ማወዛወዝ ላይ ግን የሚስተካከላት አልነበረም። ሌላው ሰው መሪ ሲሰጡት ገደል አፍ የደረሰ ይመስል ይጠመዝዘዋል። እሷ የአንድ ጣት ያህል ብቻ፣ ሳትቸኩል ነበር የምታወዛውዘው።

እያወዛወዘች ታወራለች። ስለሚያፈስሰው ጣራ፣ ስለ ጎረቤቶቹ ጠብ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት፣ የማታነሳው ነገር የለም። እሱ ከሥር ሆኖ፣ ግራሶ ግንባሩ ላይ እየተንጠባጠበ «እህ» ይላል። ሌላ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያወራውን እነሱ የመኪና ወለል በመሃላቸው አድርገው አወሩት። ልጃቸው ያመጣችውን ባል የተቀበሉት እንኳ እንዲያ ነው፤ እሷ ተናገረች፣ እሱ «እህ» አለ፣ ነገሩ አለቀ።

ልጅቱ ስትወልድ እናት ልትደርስላት ሌላ ከተማ ሄደች። ለአንድ ወር ተብሎ ነበር። ሕፃኑ ዳኸ፣ ቆመ፣ አሁን ጓዳ ለጓዳ ይሮጣል፤ አያቱ ግን እዚያው ናት። መጀመሪያ «ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ታመመ» ተባለ፣ ቀጥሎ «እናቱ ሥራ ጀመረች»፣ ከዚያ ወዲያ ምክንያት መስጠቱም ቀረ። መካኒኩ አንድ ቀን እንኳ «መቼ ነው የምትመጪው?» አላለም። ሲፈልጋት ራሷ ታውቃለች ባይ ነው፤ በምን እንደምታውቅ ግን እግዜር ይወቀው።

ቤቱ ቀስ በቀስ ጋራዥ ሆነ። አልጋው ላይ በእሷ በኩል የመለዋወጫ ካርቶን ተደርድሯል። ከሁለቱ የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች አንዱ ወደ ግቢ ወጥቶ አሮጌ ባትሪ ተቀምጦበታል። ማታ ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ጀርባውን ሰጥቶት ይበላል፤ የሚፈልገው ሰው ሲያወራ መስማት ብቻ ነው። ብቸኛ ነበር፣ በጣም ብቸኛ። ቢጠይቁት ግን ሥራ በዛብኝ ነው የሚላችሁ።

ሰኞ ዕለት ሚስቱ ደወለች።

«ልጅቷ ቁርጥሽን ንገሪኝ እያለች ነው» አለችው። «ቤት ሊቀይሩ ነው። ጠቅልለሽ ከኛ ጋር የምትኖሪ ከሆነ ያንቺም ክፍል ያለበትን እንይዛለን፣ ካልሆነ ጠበብ ያለው ይበቃናል ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?»

«እንዳሻሽ» አለ።

«እስከ ቅዳሜ ነው የምነግራቸው። እስቲ አስብበት።»

ስልኩን ዘግቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ እጁ ንጹሕ ነበር። እንድትመጣ ይፈልጋል፣ አጥንቱ ድረስ ይፈልጋል። «ነይ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ከማስነጠስ ያንሳል። ሰውየው ግን ሳምንቱን ሙሉ አላስነጠሰም።

በዚያው ሳምንት የአንድ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት መኪና ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። መሪዋ ሲጠመዘዝ ከግራ በኩል «ቋ!» ትላለች፤ ቀስ ብላ ጉድባ ስትሻገር ደግሞ ሁለቴ። መጀመሪያ የመሪውን ዘንግ ከጎማው የሚያያይዘውን ቴስቲና ቀየረላት። በሁለተኛው የአሞርዛተሩን የላስቲክ ጎሚኒዎች ቀየረላት። ድምፁ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ዛሬም አለች» አለ ሾፌሩ አንገቱን እያከከ። እሱ ራሱ ነው ያፈረው። «ቅዳሜ ከሰዓት መሣሪያ ጭኜ በረሃ ልወርድ ነው። እዚያ መሪ ቢበጠስብኝ የሚደርስልኝ የለም። ልያዝልህ እንዴ መሪውን?»

ያዘለት። እንደ ወንፊት ነቀነቀው፤ የመካኒኩ ጣት ለጥቂት ተረፈች። «በቃ፣ በቃ! ውረድልኝ!» ብሎ ከሥር ጮኸ። ጎረቤቱን ጎሚስታ ጠራ፤ ጎሚስታው በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ሲንከተከት ቆየ። እሱንም አሰናበተው።

ቅዳሜ ጠዋት ለብቻው ነበር። ከመኪናዋ ጋር ተፋጠጡ። ከዚያ የሆነ ሐሳብ መጣለትና ሁለት ገመድ አወጣ። ሁለቱንም መሪው አናት ላይ አሰረና አንዱን በሾፌሩ በር፣ ሌላውን በወዲያኛው በር አሳልፎ ወደ ታች ለቀቃቸው። ጎማዎቹን በድንጋይ አግዶ ሞተሩን አስነሳ። ከሥር ተንጋለለና የገመዶቹን ጫፍ እግሮቹ ላይ ጠመጠመ። ግራ እግሩን ሲዘረጋ መሪው ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲዘረጋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሰው አይቶት ቢሆን ለወር መሳቂያ ይሆን ነበር፤ የሚያየው ግን አልነበረም።

ዳበሰ። ቴስቲናው ደህና ነው። አሞርዛተሩም ደህና። የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመውን አክስ አግድም ከሻንሲው ጋር የሚያስረውን ዘንግ ሲይዝ ግን መዳፉ ውስጥ ዘለለ። ጎሚኒው ምንም አልሆነ፣ ብሎኑም ጤነኛ ነው፤ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ነበር ተበልቶ እንቁላል የሆነው። መሪው በዞረ ቁጥር ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላተማል።

ከሥር ወጥቶ ቆመ። ግቢውን አየ፣ በሩን አየ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ካልተነገረ ምኑ ነው? በግራሶ እጁ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ተገኘ!» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«ምኑ?»

«ድምፁ! ሦስት ጊዜ የመጣች መኪና። አግድም ዘንጉ ነው፣ የብሎኑ ቀዳዳ ተበልቶ።»

«ውይ! እሱን እኮ ጎሚኒውን እያየን ደህና ነው ብለን ነው የምናልፈው» አለች፤ ድምፅዋ በደስታ ከፍ አለ። «ማን መሪ ያዘልህ?»

«ማንም። ገመድ አስሬ በእግሬ።»

ሳቀች። ይህን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው!

«አንተ ሰው! ለብቻዬ ቻልኩት በለኛ።»

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አልቻልኩም፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ ነይልኝ ማለት ነበረበት፤ ቦታው ተጠርጎ ተሰጥቶት ነበር። አፉ ግን የለመደውን አወጣ።

«ምን ይከብዳል? እንዲያውም ከሰው ይሻላል። ገመድ አያወራም።»

ቀልድ መሆኑ ነው። በወዲያ በኩል ግን የሳቀ አልነበረም።

«እሰይ» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔን እኮ የያዘኝ እሱ ነበር። ማን መሪ ይይዝለታል እያልኩ ነው ለልጅቷ ቁርጤን መናገር ያቃተኝ። እንግዲህ ልቤ ዐረፈ።»

«እህ» አለ መካኒኩ።

ልጅቷ ስልኩን ከእናቷ ተቀበለች። «አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አንተ እንደማትከለክላት አውቅ ነበር።»

«ደስ ይበላችሁ» አላት።

ከዚያ የሚሠራውን ሠራ። ቀዳዳውን በብየዳ ሞላ፣ በልኩ በሳ፣ አዲስ ብሎን አስገብቶ አጠበቀ። ምሳ አልበላም። ገመዶቹ እስኪመሽ እዚያው ወድቀው ቢቀሩ ግድ አልነበረውም።

ሾፌሩ ከሰዓት መጣና አብረው ሊሞክሯት ወጡ። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ኮረኮንች ያዙ፤ ጉድባውን ተሻገሩ፣ ተመልሰውም ተሻገሩ። ሾፌሩ መሪውን ዳር እስከ ዳር ጠመዘዘው። ምንም የለም፤ የጎማው ኮሽታ ብቻ።

«ጆሮው!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ፣ ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ፣ ጋሼ። በደስታ ነው።»

መካኒኩ የሰማውም አይመስል። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

«ሚስቴ ናፈቀችኝ» አለ።

ሾፌሩ መኪናዋን ቀስ አደረጋት። እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም፤ ማንም ሰምቶ አያውቅም።

«ታዲያ ደውልላታ፣ ጋሼ!»

«ደወልኩላት።»

«እና?»

«ስለ መኪናህ ነገርኳት።»