የኮሮቲሚ ጣቶች

በቦቦ ዲዩላሶ ከተማ የአሮጌው ሰፈር ሴቶች ስለ ሠርግ ባወሩ ቁጥር "ያኔ እኮ ኮሮቲሚ ነበረች" ይላሉ። ኮሮቲሚ ትራኦሬ አልሞተችም፤ ቤቷም ከመስጊዱ ጀርባ ነው። እሷ ግን አትቀየማቸውም፤ እውነትም ያኔ ሌላ ሰው ነበረች።

ያኔ ሙሽሮች ከሌላ ከተማ፣ ከባንፎራ ድረስ ይመጡላት ነበር። ግቢዋ ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ ሙሽራዋን በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጥና ራሷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሹሩባ ታወርድባታለች። ጣቶቿን አታያቸውም። ዓይኗ በር ላይ ቢሳፕ የሚባለውን ቀይ መጠጥ ከምትሸጠው ከቢንቱ ጃራ ጋር ነው፤ ትራኦሬና ጃራ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደላቸው ወገኖች ናቸውና።

"አንቺ የአደንጓሬ ሆዳም፣ ዛሬ ስንት ሳህን ዋጥሽ?" ትላለች ኮሮቲሚ።

"የአንቺን ድርሻ ጨምሬ! ባሪያዬ ሆነሽ ማን ያበላሻል?"

ሙሽራዋ ስትስቅ ራሷ ይነቃነቃል፤ ኮሮቲሚም ትከሻዋን መታ አድርጋ "አርፈሽ ተቀመጪ" ትላታለች። ሴቶቹ ለእናታቸው ያልነገሩትን ሁሉ ለእሷ የሚነግሯት እዚያ ጉልበቷ ሥር ነበር።

አርባኛ ዓመቷን በያዘች ሰሞን፣ አቧራማው ነፋስ በሚነፍስበት ብርዳም ወር፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። እስኪፍታቱ ረፋድ ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱም እጆቿ አንጓዎች እኩል አበጡ። ብርዱ ነው አለች፤ ሥራ ነው አለች። ገበያ ከሚዞር መድኃኒት ሻጭ የገዛችው ኪኒን በሦስት ቀን ሕመሙን ሲያጠፋላት መርቃው ሁለት ዓመት ዋጠችው። ፊቷ ድቡልቡል አለ፤ ወገቧ ይወጋት ጀመር፤ ጣቶቿም ወደ ጎን ዘመሙ።

አንድ አርብ፣ የአንዲት ሙሽራ ራስ እኩሌታ ላይ እንደደረሰች ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ ደግሞ ወደቀ። ቢንቱ ንግዷን ትታ ገባችና የቀረውን እንደምንም ጎነጎነችው።

"በቃ፣ አማረባት" አለች ቢንቱ።

"የታረሰ የአደንጓሬ ማሳ አስመሰልሻት!" አለች ኮሮቲሚ። ሙሽራዋም ሳቀች። እሷ ግን ሙሽራዋ ከግቢ እስክትወጣ ጠብቃ አለቀሰች።

ሰኞ ቢንቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደቻት። ዶክተር ሶምዳ የሚባል ፀጉሩ የሸበተ ሐኪም ደሟን አስመረመረ፤ ራጅ አስነስቷትም ምስሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። የጣቶቿ አጥንት አንጓው ጋ ጫፍ ጫፉ ተሸርሽሯል።

"ምን በላው?" አለች።

"የራስዎ ሰውነት ነው። በሽታ የሚከላከለው ኃይል ተሳስቶ መገጣጠሚያዎን ጠላት አድርጎታል።"

"እና አጥንቱ ምን አደረገው?"

"አጥንት ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ የሚያፈርሱትም የሚገነቡትም ሕዋሳት እዚያው አሉ። ያ የተሳሳተው ኃይል ቁጣ አፍራሾቹን ያበዛቸዋል፣ ገንቢዎቹን ያዳክማል። ከገበያ ገዛሁት ያሉኝ ኪኒን ደግሞ ቁጣውን ቢያበርድም ብዙ ሲወሰድ ራሱ አጥንት ያሳሳል። ግን በአንዴ እንዳያቆሙት፤ እኔ ቀስ በቀስ እቀንስልዎታለሁ።"

በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘላት፤ ለደም ምርመራም እንድትመላለስ ነገራት።

"ጣቴ ይመለሳል?"

ዶክተሩ ራጁን አስቀመጠ። "እብጠቱ ይወርዳል፣ መሸርሸሩም ይገታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የተበላው ግን እንደነበረ አይሆንም።"

ቢንቱ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ አንድም ስድብ አልወጣትም። ኮሮቲሚን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይሄ ነበር።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ወራት ፈጀ። አንድ ጠዋት ጨርቅ እያጠበች ሳለ፣ ሳታስበው በገዛ እጇ ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ቆማ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አየችው። ቀጭኑን ሹሩባ ግን ዳግም አልሠራችም። የሰው ራስ ሙቀት ይናፍቃታል፤ የሙሽሮቹ ሹክሹክታ ይናፍቃታል። አንዳንዴ ሠርግ ቤት ተቀምጣ የሌላ ሴት ሥራ ስታይ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ብቻቸውን ይንቀሳቀሳሉ።

ባለፈው በዓል ዋዜማ ቢንቱ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን በኮሮቲሚ ጉልበቶች መሃል አስገባች።

"ወፋፍራም አራት ሹሩባ ብቻ። አንቺ ሰነፍ፣ እስከ መግሪብ ሶላት ትጨርሺው ይሆን?"

"ራስሽ እንደ ከብት ራስ ሰፍቶ እንዴት ልጨርስ!"

ሦስተኛው ላይ ሲደክማት እጇን አሳረፈች። ቢንቱም አላስቸኮለቻትም። ተደግፋት ስለ ድሮ ሙሽሮች፣ የትኛዋ ሰባት እንደወለደች፣ የትኛዋ አቢጃን እንደቀረች ስታወራላት አመሸች።