ገበር ላይ የተጻፈ ልብ

ረውዳን ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ነው። ከጥፍሩ ሥር ቀጭን ነጭ መስመር አለች፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያሰምርበት የደረቀ ሳሙና ፍቅፋቂ። ብትታጠብም አትለቅም።

ይህች የኩታበር ልጅ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ ጠዋት ነርስነት ትማራለች። ከቀትር በኋላ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጋሽ ደሳለው ልብስ ስፌት ቤት፣ የስፌት መኪና ላይ ትቀመጣለች። የአባቷ ማሳ ከቤት ቀለብ አያልፍም። የኮሌጁን ክፍያ የሚሸፍነው ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነው፤ ክፍያው ካልተጠናቀቀ ደግሞ ፈተና መግባት የለም።

ጋሽ ደሳለው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «መኪና ላይ ደብተር እንዳላይ!» ብሏታል። ደብተርስ አላሳየችውም። ጥቁር ገበር በደረሳት ቁጥር ትምህርቷን በሳሙና ትጽፍበታለች። ጨርቁ ወደ መርፌው ሲሳብ ቃሉም አብሮ ይመጣል፤ ታነበዋለች፤ መርፌው ያልፍበታል፤ በመጨረሻ ካውያ ያጠፋዋል። ስንቱ የደሴ ሰው የማይታይ ሳንባና ኩላሊት በጀርባው አዝሎ እንደሄደ ማን ያውቃል!

የፈተናው ሰሞን መብራት ጠፋና የማዶዋ ባለሱቅ የእማማ ጣይባ ልጅ፣ የሀፊዝ የሰርግ ኮት ሳይተኮስ ወጣ። በማግስቱ እማማ ጣይባ ኮቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ከተፍ አሉ።

«ደሳለው! ቤትህ ድግምተኛ ታስቀምጣለህ እንዴ?»

ገበሩን ገለበጡት። የፈረንጅ ፊደል ከትከሻ እስከ ወገብ ተደርድሯል፤ መሃሉ ላይ ክብና ቀስቶች።

«ያ ረቢ! ክቡን እየው! ልጄን ከሙሽራይቱ ሊያፋቱት ነው፣ ገና ሳያገባት!»

ጋሽ ደሳለው ጽሑፉን አየ፤ ቀጥሎ የረውዳን ጥፍር።

«ወንበሩን ልቀቂ» አላት ቀስ ብሎ። «ድግምት ቤት ተብሎ ማን ሊያሰፋ ይመጣልኛል?»

ረውዳ ተነሳች። ወንበሩ ከሄደ ደመወዙ፣ ደመወዙ ከሄደ ክፍያው፣ ክፍያው ከሄደ ፈተናው። መዋሸት ይቻል ነበር፤ «የኮቱ ልኬት ነው» ብትል ማን ይመረምራታል? እሷ ግን ጣቷን ክቡ ላይ አኖረች።

«ወላሂ፣ እማማ፣ ድግምት አይደለም። ይሄ ልብ ነው።»

«የማን ልብ?»

«የሁላችንም። ደም ከዚህ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ሚኒባስ ይበሉት። እዚያ አየር ይጭንና ወደ ልብ ይመለሳል። ከዚያ ነው ለገላ ሁሉ የሚዳረሰው።»

«ሐረጎ ላይ ቢበላሽስ?»

«እኔ ለዚያ ነው የምማረው።»

እማማ ጣይባ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሊያፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ታዲያ የምታጠኚው በልጄ ጀርባ ነው?»

«ሌላ ጊዜ የለኝም፣ እማማ። ጥፋቴን አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። በይ አጥፊው።»

መብራት መጥቶ ነበር። ካውያው ጋለ፤ ፊደሉ ከወገብ ጀምሮ መጥፋት ያዘ። ክቡ ጋ ሲደርስ እማማ ጣይባ እጇን ያዙ።

«ልቡን ተይለት። ሊያገባ አይደል፣ ይፈልገዋል።» ወደ ጋሽ ደሳለው ዞሩ። «አንተም ይህችን ልጅ ካባረርክ የሚዜዎቹን ልብስ ሌላ ቤት አሰፋለሁ።»

ጋሽ ደሳለው ከቁርጥራጩ ክምር አንድ ሰፊ ጥቁር ቅዳጅ መዘዘና ወረወረላት።

«በሰው ኮት ሳይሆን በዚህ ጻፊ! ተቀመጪ አሁን፤ ሱሪው ይጠብቅሻል።»

ማምሻውን ደመወዟን ተቀብላ ወጣች። «አብሽሪ ልጄ፣ ፈተናሽን አላህ ያግራልሽ!» አሏት እማማ ጣይባ ከማዶው ሱቅ በር። ቅዳጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባሶች ቁልቁል ወረደች። ከኋላዋ ላያት ሰው፣ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አዲስ ነጭ ክብ ተስሎ ነበር፤ በእርምጃዋ ልክ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሰው መሃል እስኪገባ ድረስ ታየ።