በሶ የሞላ ሲሊንደር ይዤ ኤርፖርት

"ቅመሰው!" አለኝ ፈታሹ። ዛሬ ጠዋት፣ ኤርፖርት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ወንድሜ ጅቡቲ ባህር ውስጥ እየጠለቀ የመርከብ ሥር ያጸዳል። ለበዓል ሲመጣ መጥለቂያ ዕቃውን ቡሬ ድረስ ተሸክሞ ለሰፈር አሳየና ጥሎት ሄደ። (ቡሬ ላይ የሚጠለቀው ጭቃ ውስጥ ነው።)

ነገ ዕቃው ካልደረሰ የሥራ ቦታው ለሌላ ሊሰጥበት ነው። ስለዚህ በእጅ ሻንጣ ይዤ በጠዋቱ አውሮፕላን አዲስ አበባ ልገባና፣ ዛሬ ማታ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ለሚበር ጓደኛው ላስረክብ ተላክሁ።

"ባዶ መሆኑ እንዲታይ የአየር ሲሊንደሩን አፍ ፈተህ ያዝ" ብሎኝ ወንድሜ፣ ትናንት ቤት ፈትቼ አስቀመጥሁት።

ፈታሹ በባትሪ አየው። "ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?"

የምን ዱቄት? ደንግጬ እናቴ ጋ ደወልሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ታዲያ ባዶ ዕቃ ይላካል እንዴ ልጄ? በሶ ነው። የወንድምህ ነው፣ እንዳትነካው!"

ያኔ ነው ያ ፊቱን ያኮሳተረ ሰውዬ ቅመሰው ያለኝ። ቀመስሁ። ሻንጣውን ሊመልስልኝ እጁን ሲዘረጋ፣ "ጌታዬ፣ ውሃና ስኳር አይኖርዎትም?" አልሁት።

እጁን ሰበሰበ። "ቀልደኛ ነህ? ቁም እዚያ!" ብሎ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ገተረኝ። ቂመኛ!

ወንድሜ ቅድም ደውሎ "በእንጀራዬ ቀለድህ" አለና ዘጋው። ብደውል ብደውል አያነሳም።

እስኪ እናንተም ፈታሽ ፊት ያመለጠቻችሁ ቀልድ ምን እንዳስከፈለቻችሁ ጻፉ። "አፍህን ብትዘጋስ" ልትሉኝ የመጣችሁ ግን ብሎክ ናችሁ። የወንድሜ ዝምታ ይበቃኛል።