ለተቆጣጣሪው የተጠመቀው የዘር ገብስ

ለወሎ ረሃብተኞች ቁርሳችንን ለመተው በተስማማንበት ምሽት፣ በዩኒቨርሲቲው የመመገቢያ አዳራሽ አጠገቤ የተቀመጠ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አገሬን ጠየቀኝ። ከዋግ፣ ከሰቆጣ አልፎ ከደሃና መሆኔን ነገርኩት። እሱ በስብሰባ ላይ ሲናገር ሁሉም ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ነው፤ እኔ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ስለዚህ በአክብሮት ነበር የመለስኩለት።

"ሕዝቡ ግን ለምንድን ነው ዝም ያለው?" አለኝ። "ይሄን ያህል ተርቦ እንዴት አንድ ሰው አይጮኽም? ንቃት የለም ማለት ነው።"

አፌን ስከፍት ጓደኞቹ ጠሩትና ተነሥቶ ሄደ። የዚያን ምሽት ውይይት ስለ ቬትናም ነበር። እኔም የቬትናምን ገበሬዎች ትግል አንብቤ ከልቤ የማዝንላቸው ነኝ። ነገር ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የቬትናምን ወንዞች በስም የሚጠራ ሲሞላ፣ ደሃና የት እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም። እየተቃጠልኩ ወደ መኝታዬ ሄድኩ። ልሰጠው ያልቻልኩትን መልስ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያለፈው ሰኔ ደሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከኮረም ወዲያ በእግሬ ነው የተጓዝኩት። በልጉ ቀርቶ ነበር፤ ክረምቱም አልጀመረም። በየመንገዱ ዳር የከብት አጥንት ነበር። የሰፈራችን ጉብታ ላይ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ ግን ከየጣራው ጢስ ይወጣል። "ተመስገን፣ እኛስ ደህና ነን" አልኩ። ቤት ገብቼ እሳት ላይ የተጣደውን ድስት ስከፍተው ውኃ ብቻ ነበር። ጎረቤት ሄድኩ፤ እዚያም ውኃ።

በኛ አገር ተራብኩ ማለት ነውር ነው። ጢስ የማይወጣበት ቤት ይወራበታል። ስለዚህ የምትቀቅለው ያጣች ሴትም ጠዋትና ማታ እሳቷን አንድዳ ውኃ ትጥዳለች። ሁሉም የሌላውን ጣራ ያያል፤ ሁሉም የራሱን ጢስ ያስወጣል። ልጅ ሳለሁም ክፉ ዘመን ሲመጣ እንዲህ ይደረግ ነበር። ያን ሰኔ ግን የመንደሩ ሰው በሙሉ ውኃ ይቀቅል ነበር።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ በጎታው ግርጌ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ከአመድ ጋር ደባልቃ አፉን በእበት የመረገችበት የዘር ገብስ። እሷና ትንሽ እህቴ ሳማና የዱር ቅጠል እየቀቀሉ ይበላሉ እንጂ ጎታውን አይነኩም።

"እማ፣ ለምን ጥቂት ቆልታችሁ አትበሉም?" አልኳት።

"ዝናቡ ሲመጣ ታዲያ ምን ልበትን? ጥርሴን?" አለችኝ።

በማግስቱ ከአጎቴ ጋር ወደ ሰቆጣ ወረድን። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የመንደሩም ጭቃ ሹም እሱ ነው። እኔ አማርኛው ስለሚቀናኝ ቃል ቢያጥረው እንድረዳው ወሰደኝ። የአውራጃው ሹም ቢሮ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እስኪያጋድል ቆምን። ከውስጥ ራዲዮ ይሰማል። በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የአፍሪካ መሪዎች ስለ ነፃነትና ስለ ሰው ልጅ ክብር የተናገሩትን ያነባል። በደስታ አዳመጥኩት፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ። ስለ ዋግ ይነሣ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ሙዚቃ ተከተለ።

ስንገባ አጎቴ እጅ ነስቶ ጀመረ። አማርኛው የአገውኛ ቃና አለው። በር ላይ የቆመው ጸሐፊ ቃሉን እየተከተለ አፉን እያጣመመ ሲያሾፍበት አየሁ። አጎቴም አይቷል። ግን ቀጠለ፤ በሬዎቹ ማለቃቸውን፣ ሰው መዳከሙን፣ ለዘርና ለቀለብ እህል እንደምንለምን ተናገረ። ታዲያ ዝም ያለው ማነው? ይሄ መጮኽ ካልሆነ መጮኽ ምን ዓይነት ነው?

ሹሙ "በወሬ እህል አይሰጥም። ሰው ልከን እናጣራለን" አለን።

እየተሳሳቅን ወደ አገራችን ተመለስን። አንድ ሰው ዓይቶ ከሄደማ አለቀ ብለን ነበር።

ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ተነገረን። አጎቴ ያን ዕለት ቤታችን መጥቶ ድርጎ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። የመንግሥት ሰው ገጠር ሲወጣ ገበሬው ከየቤቱ አዋጥቶ የሚያቀርብለት ምግብና መጠጥ ድርጎ ይባላል። ቄሱ አንዲት በግ አለቻቸው፤ ማር ከቀፎ የሚገኝበትም ቤት አልጠፋም። ለጠላ የሚሆን ገብስ ያለው ግን እናቴ ዘንድ ብቻ ነበር።

"አያ፣" አልኩት፣ "ሰውዬው የሚመጣው እኮ ረሃብ ሊያይ ነው! ባዶ ቤት ነው ማየት ያለበት።"

"የመንግሥት ሰው ከደጄ ደረቁን ቆሞ ይመለስ?"

"ይመለስ!"

"አይ የደሴ ትምህርት!" ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። "ሰማሽው ተማሪሽን? ነገ ሲያገባ ሚዜዎቹን ሳማ ያበላልን ይሆናል።"

እህቴ ሳቀች። እናቴም ልትስቅ ፈለገችና ተወችው።

"እሱ በልቶ ጠጥቶ ይሂድ፣ ከሄደ በኋላ እንደፈለግን እናማዋለን" አለ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያላከበርነው ሰው ግን ምን ብሎ እንደሚያወራብን አታውቅም። ሽፍቶች ናቸው፣ በሩን ዘጉብኝ ያለ እንደሆነስ?"

እናቴ ጎታው ላይ እጇን ጭና ቆየች። "ዘሩ እኮ ነው" አለች በአገውኛ። ቀጥላ ደግሞ ለራሷ እንደምትነግር "ጠጥቶ ደስ ካለው እጥፉን ይልክልናል" አለች። ለመንኳት። እጇን ያዝኳት። "ልጄ፣ አትጨቅጭቀኝ፣ እኔም እየፈራሁ ነው" አለችኝና እበቱን በድንጋይ ሰበረችው።

በዚያ ዓመት ገብሳችን የበቀለው በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ለብቅል ነው። የቀረውን ቆልታ ፈጨችው። ቆሎው ሲሸት የጎረቤት ልጆች ደጃፋችን ላይ መጥተው ተቀመጡ። አንዳንድ ጭብጥ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ በላይ አልሰጠችም። የተቆጣጣሪው ነበር።

ሰውዬው በበቅሎ መጣ። አንድ ወታደርና አንድ ጸሐፊ ይከተሉታል። ለእሱ በተጣለው ዳስ ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ዕውር አልነበረም። ዳሱን ከብበው የቆሙትን ልጆች የቀጠነ እግር አይቷል። "እነዚህን ወዲያ በሉልኝ፣ ዝንብ አመጡብን" አለ። ወታደሩም በዱላው አባረራቸው። ከተባረሩት አንዷ እህቴ ነበረች።

በላ። ጠጣ። እናቴ ቆማ ቀዳችለት። "ጠላችሁ ግሩም ነው፤ የሰቆጣው ውኃ ነው" እያለ ዋንጫውን ደጋገመ። ከዚያ ከዳሱ ብቅ ብሎ መንደሩን ቃኘ። ከየጣራው ጢስ ይወጣል።

"እና ይሄ ሁሉ ጢስ ከምን ይወጣል?" አለ እየሳቀ። "ድንጋይ ነው የምትቀቅሉት?"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ተነሣሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣" አልኩ፣ "ውኃ ነው። በየቤቱ የተጣደው ውኃ ብቻ ነው። ገብተው ድስቱን ይክፈቱ፣ ቅርብ ነው።"

የአጎቴ ፊት ጠቆረ። በዚያች ቅጽበት የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ድስት በእንግዳ ፊት ሊከፈት ነበር። አጎቴ ሣቅ ብሎ "ልጁ ደሴ ሄዶ ቀልድ ተምሮ መጣልን ጌታዬ" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ተቆጣጣሪውም ከት ብሎ ሳቀ። "ቀልዱስ ደህና ነው፤ ትምህርቱንስ?" አለኝ። ከዳሱ እስከ ቅርቡ ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ነበር። አልሄደም።

በአጎቴ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አጎቴ ያደረገው፣ አባቶቹ ሹም ፊት ሲያደርጉት ያየውን ነው። ስንት ዘመን ለበላዩ እጅ ሲነሳ፣ ጉድለቱን ሲሸፍን፣ ሲሰደብ ሲስቅ የኖረ ሕዝብ በአንድ ቀን ድስቱን ከፍቶ ያሳይ ይባላል? ተቆጣጣሪው ግን ደመወዝ የሚከፈለው እንዲያይ ነው። ተራቡ የተባሉ ሰዎች በግ አርደው ሲጠብቁት፣ ይህ ከየት መጣ ብሎ አለመጠየቁን ምንም ብሞክር ይቅር ልለው አልቻልኩም።

በቅሎው ላይ ሲወጣ እናቴ እርካቡን ያዘች። በቤታችን ከአጎቴ ቀጥላ አንገቷን የምትደፋ እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ቀና ብላ አየችው።

"ጌታዬ፣" አለች በምትችለው አማርኛ፣ "የጠጡት ለዘር ያስቀመጥሁት ነው። ሌላ የለኝም። እንዳይረሱኝ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" አላት ልጓሙን እያስተካከለ። "ለዘር የተረፈው አገር ተርቧል አይባልም። ደህና ናችሁ እናንተ።"

ሁሉም ሰማው። አጎቴም ሰማው። ፊቱ ላይ የነበረው ሣቅ መውጫ አጥቶ ቀረ።

እህል አልመጣም። የመጣው፣ አገሩ ደህና መሆኑ ስለተረጋገጠ ግብራችሁን ክፈሉ የሚል መልእክተኛ ነው። አጎቴ መልእክተኛውን ቆሞ ሰማው፤ ድርጎም አላዘዘለትም። በዕድሜው እንግዳን በደረቁ ሲሸኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናብ ጣለ። ለወትሮው ሰው እልል የሚልበት ዝናብ ነው። እናቴ ደጃፍ ቆማ የረጠበውን መሬት ስታይ ቆየችና ጎታው ውስጥ እስከ ትከሻዋ ገብታ ግርጌውን ጠረገችው። ከአመዱ ጋር የቀረ እፍኝ ገብስ አገኘች። በሬ የለም። ከበሩ አጠገብ በዶማ ቆፍራ ዘራችው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ ቁርጭምጭሚት ያህል አድጎ ነበር። "ይሄ ለከርሞ ዘር ነው፤ እህትህ እንኳ አትነካውም" አለችኝ።

እዚህ ተማሪው "መሬት ለአራሹ" ሲል እኔም እላለሁ፤ አምንበታለሁም። ግን የእናቴ መሬት የአያቶቿ ርስት ነው፤ ማንም አልነጠቃትም። መሬቱ እግሯ ስር እያለ፣ ዝናቡም ዘንቦ፣ የምትዘራውን አንድ የመንግሥት ሰው ጠጥቶት ሄደ። ይሄንን የምንለው በየትኛው መፈክር ነው?

ኅዳር ላይ አሞሌ ጨው የሚነግድ የአገሬ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ አገኘኝ። ስለ እናቴ ጠየቅሁት። ልጅቷን ይዛ ከሌሎች ጋር ወደ ኮረም መንገድ መውጣቷን ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ አያውቅም። በሰፈራችን ሲያልፍ የቤታችን በር በገመድ ታስሮ አይቷል።

"ገብሱስ?" አልኩት። "በሩ አጠገብ ያለው።"

"ደርሷል" አለኝ። "ምንም አልተነካም። ወፍ ብቻ ነው ያለበት።"