አቡ ሳሊሕ ሩዝ ያቆሙበት ዓመት

ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ያለው የአቡ ሳሊሕ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት የተፈተንኩት በሩዝ ነበር። ከፊሌ፣ ማለትም በሕግ አሠሪዬ የሆነው ሳሊሕ፣ በመኪናው ፉጣ ከሚባለው ሰፈር አምጥቶ በግቢው ጥግ ያለችውን የውጭ ማድቤት አሳየኝ። "ለምሳ ከብሳ ሥራ። አባቴ ከወደዱት ትቆያለህ፤ ካልወደዱት እመልስሃለሁ" ብሎ ወጣ። ከብሳ በሥጋ መረቅ የሚበስል፣ ቅመም የገባበት ሩዝ ነው። እዚያ አገር ይህን የማይችል ሰው ምግብ አብሳይ አይባልም።

ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ፉጣ በሚገኝ የየመኖች ምግብ ቤት ድስት አጣቢ ነበርኩ። ዋናው አብሳይ ሥጋውን መቼ እንደሚያወጣ፣ ሩዙን እስኪጠራ እንዴት እንደሚያጥብ፣ እሳቱን መቼ እንደሚቀንስ ከማጠቢያው ሥር ሆኜ በዓይኔ ለቀምኩ። እሱ የታመመ ሰሞን ድስቱ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማጠቢያው አልተመለስኩም።

አቡ ሳሊሕ ዲራ ገበያ ውስጥ የካባ ነጋዴ የነበሩ፣ ሱቃቸውን ለልጃቸው አስረክበው ቤት የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። ትሪው ሲቀርብ ከዳሩ አንዲት ፍሬ ሩዝ አነሡና በሁለት ጣታቸው ጨፈለቋት። መሐሏ ላይ ያልበሰለ ነጭ ነጥብ እንዳለ ማየታቸው ነው። ነጥብ አልነበራትም። "ይቆይ" አሉ ለልጃቸው። እኔን ደግሞ "ወልዲ" አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልጠሩኝም።

ቤቱ የራሱ ደረጃ ነበረው። የዕለቱን ምግብ የሚያዙት ባለቤታቸው ኡም ሳሊሕ ናቸው። ትእዛዙን ከውስጥ ወደ እኔ የምታመጣው፣ ትሪውንም ከእኔ የምትቀበለው የቤት ሠራተኛዋ አስቴር ነበረች። አስቴር የደሴ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ወንዶቹ በወንዶች ክፍል፣ ሴቶቹ በውስጥ ይበላሉ። የተረፈው ሲመለስ እኔ ማድቤቱ ውስጥ ቆሜ እበላለሁ።

ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። ደብረ ታቦር፣ እኛ ቤት፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ቢኖር ወይ የታመመ ነው ወይ የተጣላ። አባቴ የመጨረሻው ልጅ እጁን ታጥቦ እስኪቀመጥ ገበታውን አይባርክም ነበር። ሪያድ ውስጥ ለብዙ ሰው እያበሰልኩ ከማንም ጋር ሳልበላ ዓመታት አለፉ።

አቡ ሳሊሕ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ክኒናቸውን እየዋጡ ሩዛቸውንም፣ ቴምራቸውንም፣ ስኳር የበዛበት ሻያቸውንም ሳያጓድሉ ኖሩ። ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ፣ በአንድ በጋ፣ የነጠላ ጫማቸው ማሰሪያ የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት ላጠው። ያቺ ልጥ ቁስል ሆነች፤ ቁስሉም አልደርቅ አለ።

የሚያክሟቸው ሱዳናዊ ሐኪም ነበሩ። ሳሊሕ ከክሊኒክ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ማድቤቱ መጣና የተባለውን ነገረኝ። ስኳራቸው ካልወረደ ቁስሉ አይደርቅም፤ ካልደረቀ ጣቱ ይቆረጣል፤ ከጣቱ በኋላ እግሩም ሊከተል ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ቴምርና ስኳር የለም። በምትኩ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የወይራ ዘይትና ቅጠላ ቅጠል። ሐኪሙ ይህ አመጋገብ ለሁሉም እንደማይሆን፣ ለእሳቸው የፈቀዱላቸውም ኩላሊታቸውን መርምረው መሆኑን ተናግረዋል።

የመጀመሪያው ችግር ቅቤው ነበር። ኡም ሳሊሕ ዕድሜ ልካቸውን ለታመመ ሰው ቅባት አይሰጥም ሲባል ሰምተዋል። ሥጋው ጮማው ተልጦ እንዲቀቀል አዘዙ። ሽማግሌው ሩዙም የለም፣ ቅባቱም የለም። ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል፣ ቀን የተቀቀለ ሥጋ በዱባ ቅል። ከሰዓት በኋላ ይርባቸዋል፣ ይቆጣሉ፣ ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ሐኪሙ አመጋገቡ በተለወጠ በሳምንቱ ይዘኻቸው ና ብለውት ነበር፤ ሩዙ ሲቀር የክኒኑም መጠን መቀነስ አለበትና። ሳሊሕ ግን ለሥራ ጂዳ ሄደ፤ ቀጠሮውም አለፈ። አንድ ቀን ከቀትር ሶላት በኋላ አስቴር ወደ እኔ እየሮጠች መጣች። ሽማግሌው አልቧቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ተወለካክፏል። ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር። የብርቱካን ጭማቂ ይዤ ገባሁ፤ አንገታቸውን ደግፌ ትንሽ በትንሹ አጠጣኋቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ጠራ።

"ሲበዛ ይገድላል፣ ሲያንስም ይገድላል" አሉኝ ድምፃቸው እንደተመለሰ። "ይህን ስኳር ደስ የሚለው መቼ ነው?"

በማግሥቱ ሳሊሕ መጥቶ ሲወስዳቸው ሐኪሙ እኔም እንድገባ ጠየቁ። ክኒኑን በግማሽ ቀነሱት። በመርፌ ጣት ወግቶ ስኳር የሚለካ መሣሪያ ሰጡን። የቅቤውን ነገር ስነግራቸው ሳቁ፤ ሩዙ ከቀረ ሰውየውን የሚያቆማቸው ቅባቱ ነው፣ እሱን ከነሣችኋቸው ምን ቀረላቸው አሉ። ክኒኑን የሚቀንሰውም የሚጨምረውም ሐኪም ብቻ እንደሆነ ለሳሊሕ ደጋግመው ነገሩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው መልክ ያዘ። እንቁላሉን በቅቤ፣ ስፒናቹን በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ የበጉን ጎድን ከነጮማው እሠራለሁ። ባሚያውን በሥጋ መረቅ አበስላለሁ። አስቴር "ጌትዬ፣ ይህ ማድቤት ምን ሆኗል? ጎመን በቅቤ ተከራይቶታል" እያለች ታሾፍብኛለች። የስኳሩ ቁጥር ወረደ። በቁስሉም ውስጥ ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ መብቀል ጀመረ፤ ሐኪሙ ጥሩ ምልክት ነው አሉ።

ይሁን እንጂ ሽማግሌው እየከሱ ሄዱ። ምግባቸው በሳህን ሆኖ ወደ ክፍላቸው ይገባል። ከሌሎቹ ጋር ከተቀመጡ እጃቸው ወደ ሩዙ ይሄዳል በሚል ሳሊሕ ለይቷቸዋል። በተለይ ዓርብ ወንድማቸው አቡ ናስር ከልጆቹ ጋር ለምሳ ሲመጣ በሩ ይዘጋባቸዋል። ሳህኑ ግማሹ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ሥጋውን ለወጥኩ፣ ቅመሙን ለወጥኩ። አልሆነም።

አንድ ቀን ሄልና የደረቀ ጥቁር ሎሚ ልገዛ ዲራ ወረድኩ። ስመለስ የድሮ ባልደረቦቼን ሰላም ልበል ብዬ ፉጣ ወዳለው ምግብ ቤት ጎራ አልኩ። አቡ ሳሊሕ ሱቅ ሳሉ ከሠራተኞቻቸው ጋር ምሳ ይበሉ የነበረው እዚያ ነው፤ ሳሊሕም እኔን ያገኘኝ በዚያ ምክንያት ነበር። ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ አንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ የቀን ሠራተኞች ተቀምጠዋል። መሐላቸው አቡ ሳሊሕ አሉ። የታመመ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ቀኝ እጃቸው ትሪው ላይ ነው።

ሲያዩኝ አልደነገጡም። እጃቸውን ታጥበው ከጎኔ ወጡና እዚያ አገር ሊሞዚን የሚባለውን ታክሲ ስንጠብቅ እንዲህ አሉኝ፦

"ሩዝ በልቻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ለሩዙ ብዬ አልመጣሁም። ሳህኔን ታስገባላችሁ፣ በሩን ትዘጋላችሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሲስቁ እሰማለሁ። እኔ ሞቼ ሰው በሌላ ክፍል የሚበላ ይመስለኛል።"

ስሜቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ማታውን ሳሊሕን አነጋገርኩት። አባቱን የት እንዳገኘኋቸው ነገርኩት፤ የተናገሩትንም ጨምሬ። ከዓርቡ ትሪ ላይ አባቱ የሚቀመጡበትን ወገን ከሩዝ ይልቅ በተፈቀፈቀ የአበባ ጎመን ልሥራው አልኩ። ሥጋው ከላይ አንድ ነው።

"በአጎቴ ፊት ጎመን ልታቀርብ? ዓይብ ነው" አለኝ። ነውር ነው ማለቱ ነው።

ነውሩን በእኔ ላይ ያድርጉት፣ አብሳዩ ነው ያበላሸው ይበሉ አልኩት። ስለ አባቱ ጣት አንሥቼ ቤት ካልበሉ ፉጣ ይበላሉ አልኩት። ሐኪሙ ስለ ጣቱ የሚወስኑበት ቀጠሮ ቀርቦ ነበር።

"ያላ፣ እሺ። አንድ ዓርብ ብቻ" አለ በመጨረሻ።

የአበባ ጎመኑን ግንዱን ጥዬ ራሱን በመፈቅፈቂያው ሰፊ ቀዳዳ ፈቀፈቅሁት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ውኃውን ጨመቅሁት፤ ይህ ካልተደረገ ገንፎ ይሆናል። በሰፊ መጥበሻ በቅቤ፣ ሳልከድን፣ ጫፉ ወርቅማ እስኪሆን አገላበጥኩት። ሄል፣ ቀረፋ፣ ጥቁር ሎሚና ትንሽ መረቅ ጨመርኩበት። ሁዳዴ ስለነበር መቅመስ አልችልም፤ አስቴርም ጾመኛ ናት። አንድ ማንኪያ ወደ ኡም ሳሊሕ ወሰደችና "ጨው ጨምር ብለዋል፤ ሌላውን ግን ማንኪያውን ልሰው ነው የመለሱት" ብላ ነገረችኝ።

ትሪውን እኔው ተሸክሜ ገባሁ። የጎመኑን ወገን ወደ አቡ ሳሊሕ አዙሬ አስቀመጥኩና የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ። አቡ ናስር ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውም ፈጣን ነው።

"የወንድሜ ሩዝ ምን አግኝቶት ነው የደቀቀው?" አሉ።

ሳሊሕ እኔን አየኝ።

"ጎመን ነው" አሉ አቡ ሳሊሕ። "ወይ ጎመን እበላለሁ፣ ወይ ጣቴን ይቆርጡታል። ከሁለቱ ምረጥልኝ።"

አቡ ናስር እጃቸውን ሰድደው ከወንድማቸው ፊት ጠቅለል አድርገው ጎረሱ። አኝከው ዋጡት። ከዚያ ካባቸውን ሰብስበው ተነሡና ትሪውን ዞረው ከአቡ ሳሊሕ ጎን ተቀመጡ።

"ለበሽተኛ ቅቤ፣ ለጤነኛ ደረቅ ሩዝ። ይህን ያዘዘ ሐኪም ስሙ ማን ነው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቡ ሳሊሕ ከወራት በኋላ በገዛ ቤታቸው ከሰው ጋር ሲበሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። እጃቸው ወደ ሩዙ አልሄደም። ወንድማቸው ሥጋ እየቆረሱ ወደ እሳቸው ይገፉላቸው ነበር፤ እሳቸውም መልሰው ይገፋሉ።

መሐል ላይ አቡ ሳሊሕ ቀና ብለው አዩኝ። "ወልዲ፣ ተቀመጥ" አሉኝ።

በዚያ ቤት እንዲህ የተባልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ሥጋና ቅቤ የማልነካበት ወቅት ላይ መጣ። ጾም ላይ ነኝ፣ ይቅርታ፣ አልበላም አልኩ።

"ተቀመጥ አልኩህ እንጂ ብላ አልኩህ?"

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሳሊሕ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ የሌሎቹን እጆች አየሁ። አቡ ናስር አባቴ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁኝ። አሉ አልኳቸው።

"ከማን ጋር ነው የሚበሉት?"

ወንድሞቼ ሌላ ከተማ ገብተዋል፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች። መልሱን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ወደ ትሪው ተመለሱ።

ከሳምንት በኋላ ፋሲካ ሳይደርስ ስልክ ደወልኩ። አባቴን የጠየቅሁት ያንኑ ነው። ጎረቤት አንዳንድ ቀን ይጠራኛል፣ ሌላውን ቀን እንዲሁ ቀማምሼ እተኛለሁ አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ ወደ ቤት እንዲመለስ ተነጋገርን። ቶሎ አልሆነም፤ በመጨረሻ ግን ተመለሰ።

የአቡ ሳሊሕ ቁስል ቀስ ብሎ ደረቀ። ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ጣቱን አገላብጠው አይተው "ኸላስ፣ በቃ፣ አይቆረጥም" አሉ። "አንድ ዓርብ ብቻ" ያለው ሳሊሕ ነገሩን ዳግም አላነሣውም። ትሪው በሁለት ወገን መሠራቱ ቀጠለ፤ በዓይኔ እንዳየሁት የጎመኑ ወገን እየሰፋ የሩዙ እየጠበበ ሄደ። እኔም ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ዓርብ ዓርብ እቀመጥ ነበር። ጾም ሲሆን ሳልበላ፣ ጾም ሳይሆን እየበላሁ።

ዛሬ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ማድቤት እሠራለሁ። ስኳር ያለባቸው እንግዶች ይመጣሉ፤ ቤተሰቦቻቸውም ምን እንሥራላቸው ብለው ይጠይቁኛል። ምን እንደሚበሉና መድኃኒቱ በምን ያህል እንደሚቀነስ ሐኪማቸው ይንገራችሁ እላቸዋለሁ። እኔ ከሥራዬ የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው። የታመመ ሰው ምግቡ ሲለወጥ ገበታው አይለይ።