ነርቭ ልለካ ገሱባ

ጠዋት 1፡30፣ ሶዶ መናኸሪያ

ዛሬ የምሄደው በአንድ ሰው ጭን ውስጥ ያለ ነርቭ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኔ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አቶ ዳና ገሱባ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከመቀመጫቸው እስከ ተረከዛቸው የሚያቃጥል ሕመም ስላለባቸው መኪና ላይ መቀመጥ አይችሉም። የሆስፒታላችን ቀዶ ሐኪም ሌላውን ሁሉ መርምሮ ጨርሷል፤ የቀረው የእኔ ልኬት ነው። ነርቩ ተጣብቆ ከሆነ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል፤ የሚንሸራተት ከሆነ በእንቅስቃሴ ሕክምና ይቀጥላሉ። ቀዶ ጥገናው ሊያድናቸውም፣ እግራቸውን ሊያደክመውም ይችላል። መልሱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መደወል አለብኝ።

እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወላይትኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ትዕግሥቴም እንደዚያው ነው።

ረፋድ 4፡00፣ ከገሱባ ወዲያ

ሚኒባሱ ሞላ ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ተጨመረበት። ነርቩን በስክሪን የሚያሳየኝን ትንሽ አልትራሳውንድ ጭኔ ላይ አቅፌ ገሱባ ደረስኩ። ከገበያው ወዲያ መኪና ስለማይገባ ሞተር ያዝኩ። ዝናቡ መንገዱን አጥቦት ኖሮ፣ አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ ጭቃ ውስጥ ወደቅሁ። መሣሪያውን ግን አላስነካሁም።

5፡20፣ አቶ ዳና ቤት

ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅለው ከሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ጋር አቀረቡ። «ሥራ ይቅደም» ብላቸው «ሳይበላ ሥራ የለም» አሉኝ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጊዜው ግን እየሄደ ነበር።

አቶ ዳና በሆዳቸው ተኙ። ከጉልበታቸው ከፍ ብዬ ጄል ቀባሁና መሣሪያውን አሳረፍኩ። ነርቩ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ክር ያለበት ገመድ ሆኖ ታየ። በሌላው እጄ የእግራቸውን ጫፍ ይዤ ወደ ቅልጥማቸው ቀለበስኩት፤ ያኔ ነርቩ ወደ ተረከዝ መሳብ አለበት። አልተሳበም። ሦስቴ ደገምኩ፤ ያው ነው።

«እግርዎን ይልቀቁት፣ አቶ ዳና።»

«ለቅቄያለሁ።»

የመሣሪያው ባትሪ እያለቀ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ወረቀቱ ላይ «አይንቀሳቀስም» ብዬ ጻፍኩ።

«እቀደዳለሁ ማለት ነው?» አሉ ከትራሱ ቀና ሳይሉ።

«እሱ መቼ ለቀቀ?» አሉ ወይዘሮ አየለች ከበሩ ላይ። «ያፍራል እኮ። እንግዳ ሲመጣ እግር የሚያጥበው እሱ ነው። አሁን ዶክተር መጥታ የእሱን እግር ይዛ!»

ባታቸውን ዳሰስኩት፤ ጣውላ ሆኗል። ቁርጭምጭሚታቸው የምገፋውን ያህል አልታጠፈም ነበር፤ ነርቩን የሚስበው ነገር አልነበረም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እግሩን አላየሁም። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

«እስቲ እርስዎ ይያዙላቸው» አልኳቸው። ወይዘሮ አየለች ቁጭ ብለው እግሩን ያዙና በወላይትኛ የሆነ ነገር አሏቸው። አቶ ዳና ትራሱ ውስጥ ሳቁ። ባታቸው ላላ። ወይዘሮዋ ሲቀለብሱት ነርቩ ስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ፤ ሲለቁት ተመለሰ። ትንፋሼን ይዤ ሦስቴ ለካሁት። ሦስቴም ሄደ።

የጻፍኩትን ሰርዤ ለቀዶ ሐኪሙ «ይንቀሳቀሳል» ብዬ ደወልኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለ ሐኪሙ። «አሁን ነኝ» አልኩት።

አመሻሽ፣ ሶዶ

ስክሪን ከማየት ሰውን ማየት እንደሚቀድም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ዛሬ ነው። ደስ ብሎኝ ልተኛ አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ዲምቱ ከተማ የአንዲት እናትን እግር በዚሁ መንገድ፣ ራሴ ይዤ ለክቼ «አይንቀሳቀስም» ብዬ ነበር። ቀዶ ጥገናቸው ሐሙስ ነው። ጭቃዬን ሳልታጠብ ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን እግርዎን ስይዘው ለቀውልኝ ነበር?»

«አይ ልጄ፣ እንዳይከብድሽ ብዬ እኔው ወጥሬ ይዤልሽ ነበር እንጂ።»